ባቡሩ በየትኛው ሐዲድ አለፈ?

ሁለት ሌሊት ሙሉ የፈለግኩት ስህተት፣ ለካ ስህተት አልነበረም።

ድሬ ላይ ኮድ የሚጻፈው ማታ ነው። ቀን ሙቀቱ ላፕቶፑንም ባለቤቱንም አያሠራም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግማሹ ከተማ በርጫ ላይ ነው። ደውለህ ቁም ነገር ላውራ ብትል «አቦ፣ ማታ እንነጋገር» ትባላለህ። እኔም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ከዚራ ያለው ቤቴ በረንዳ ላይ ወንበር አወጣለሁ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ፣ ትንኙን እያባረርኩ እጽፋለሁ። ቀን ቀን እንጀራዬ ለነጋዴዎች የዕቃ መዝገብ ፕሮግራም መሥራት ነው። ማታ ማታ ግን ዩኒቨርሲቲ ፈተናውን አልፌ ወደ ያልገባኝ ትምህርት እመለሳለሁ። ወደ ኳንተም ፊዚክስ፣ ወደ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሳይንስ።

ተማሪ ሳለሁ ቀመሩን በቃሌ ይዤ ገብቼ፣ ጽፌ ወጣሁ። አስተማሪዬ «እንዴት ሊሆን ቻለ አትበሉ፣ አስሉ» ይሉን ነበር። አሰላሁ። ቢ አገኘሁ። ጥያቄው ግን አሥር ዓመት ሙሉ እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር አብሮኝ ዞረ። ባለፈው ክረምት «እስቲ አንዱን የኳንተም ሙከራ ራሱን ኮድ ላድርገው፤ ለኮምፒዩተር ማስረዳት ከቻልኩ ገብቶኛል ማለት ነው» አልኩ። ቋንቋውን መምረጥ ቀላል መሰለኝ። ኳንተም የዕድል ነገር ነው፣ የዕድል ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ የፕሮግራም ቋንቋ አለው።

ፕሮባብሊስቲክ ፕሮግራሚንግ ይባላል። ተራ ፕሮግራም ያንኑ ስትሰጠው ያንኑ ይመልስልሃል። በዚህኛው ግን ሳንቲም መወርወር ልክ እንደ መደመር የቋንቋው አንድ ቃል ነው። «ወርውር፣ ዘውድ ከሆነ በዚህ ሂድ፣ ጎፈር ከሆነ በዚያ» ትለዋለህ። ፕሮግራሙ አንድ መልስ ሳይሆን የመልሶችን ክፍፍል ይሰጥሃል፤ ይህ ይህን ያህል ጊዜ፣ ያ ያን ያህል ጊዜ እያለ። እኔ የምጠቀምበት ዌብ ፒፒኤል የሚባለው ነው። ብሮውዘር ላይ ስለሚሠራ ከባድ ነገር መጫን አያስፈልገውም። ከዘመዶቹ አንዱ ስታን ይባላል፤ ስሙ የወጣለት ለሒሳብ ሊቁ ስታኒስላቭ ኡላም ነው። ኡላም በ1946 እ.ኤ.አ. ታሞ ተኝቶ ብቻውን ካርታ ሲጫወት፣ የማሸነፍ ዕድሉን በቀመር ማውጣት ሲያቅተው፣ «ለምን መቶ ጊዜ ተጫውቼ አልቆጥረውም?» ያለ ሰው ነው። ደጋግሞ ሞክሮ ዕድልን የመቁጠር ስልት፣ የሞንቴ ካርሎ ዘዴ የሚባለው፣ የተወለደው ከዚያ አልጋ ላይ ነው። (ካርታ ዕድሜ መጨረሻ ነው ለሚለኝ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ።)

ይህን ቋንቋ በጣም ያስመሰገነው ግን ወደ ኋላ ማሰብ መቻሉ ነው። ምሳሌው ደጃችን አለ፤ ደቻቱ ወንዝ። የድሬ ሰማይ ጥርት ብሎ፣ ኮከብ እየታየ ደቻቱ ሊመጣ ይችላል፤ ዝናቡ የሚጥለው እላይ ደጋው ላይ ነውና። የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ ያስታወሰ ይህን እንደ ቀልድ አይወስደውም። እንግዲህ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ከራሴ ላውጣ። በአንድ ሌሊት ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ የመጣሉ ዕድል 20 በመቶ ይሁን። ከዘነበ ደቻቱ የመሙላቱ ዕድል 60 በመቶ፣ ካልዘነበ ደግሞ 1 በመቶ ይሁን። አሁን በረንዳዬ ላይ ሆኜ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ደጋው ላይ ዘንቧል?

ፕሮግራሙ 10,000 ሌሊት በምናቡ ያሳልፋል። በ2,000ው ይዘንባል፣ ከነሱ በ1,200ው ወንዙ ይሞላል። ባልዘነበባቸው 8,000 ሌሊቶች ውስጥ ደግሞ በ80ው ይሞላል። «ወንዙ ሞልቷል» ብለህ ስትነግረው ወንዙ ያልሞላባቸውን ሌሊቶች ሁሉ ይጥላቸዋል። የሚቀሩት 1,280 ናቸው፤ ከነሱ 1,200ው የዘነበባቸው። 94 በመቶ ገደማ ዘንቧል። አለቀ። ከውጤት ወደ ምክንያት መመለስ ማለት ይኸው ነው፤ የማይስማማውን ታሪክ መጣል።

በዚህ ድፍረት ነው ወደ ኳንተሙ ሙከራ የገባሁት።

ሙከራው ማክ-ዘንደር ይባላል፣ ከነሙሉ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። አንድ ፎቶን ማለትም አንዲት የብርሃን ቅንጣት ትልካለህ። መጀመሪያ የምታገኘው ግማሽ መስታወት ነው፤ ግማሹን ብርሃን ያሳልፋል፣ ግማሹን ያንጸባርቃል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። ሁለቱም መንገዶች በተራ መስታወት ታጥፈው ሌላ ግማሽ መስታወት ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጠቋሚ መሣሪያዎች ቆመዋል። አንደኛው ጠቋሚ እና ሁለተኛው ጠቋሚ እንበላቸው። ፎቶኗ ስትደርስ ከሁለቱ አንዱ «ቲክ» ይላል።

በዌብ ፒፒኤል አምስት መስመር ፈጀብኝ። ሳንቲም ወርውር፣ መንገድ ምረጥ፤ ደግሞ ወርውር፣ ጠቋሚ ምረጥ። ውጤቱ 50 በ50 ወጣ። ትክክለኛ ፕሮግራም፣ ትክክለኛ ሒሳብ።

ጠረጴዛው ላይ የሚሆነው ግን ይህ አይደለም። የሁለቱ መንገዶች ርዝመት እኩል ከሆነ ፎቶኖቹ በሙሉ አንደኛው ጠቋሚ ላይ ይደርሳሉ። ሁለተኛው ዝም። አንድ በአንድ ብትልካቸውም ዝም። ይባስ ብሎ አንዱን መንገድ በካርቶን ብትዘጋው ያ ዝምተኛው ጠቋሚ መጮኽ ይጀምራል! ከተላኩት ፎቶኖች ግማሹ ካርቶኑ ላይ ይቀራል፣ ሩቡ አንደኛው ጋ፣ ሩቡ ሁለተኛው ጋ ይደርሳል።

ይህን ጠዋት ፈቲራ እየበላን ለጎረቤቴ ነገርኩት። ጋሼ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ዕድሜ ልኩን ሐዲድ ላይ የኖረ፣ ፈረንሳይኛ ጣል ጣል የሚያደርግ ሰው። ስለዚህ በሐዲድ አስረዳሁት። «ሐዲዱ ሁለት ቦታ ይከፈላል እንበል። ባቡሩ በግራም በቀኝም ሊሄድ ይችላል። መጨረሻ ላይ ሁለት ጣቢያ አለ። ሁለቱም ሐዲድ ክፍት ሲሆን ሁለተኛው ጣቢያ አንድም ባቡር አይደርስም። አንዱን ሐዲድ ስትዘጋ ይደርሳል።»

ፈቲራውን ወደ አፉ ሳያደርስ ያዘው። «መንገድ ስትዘጋ ባቡር የሚጨምርበት አገር የት ነው?»

«የፎቶን አገር።»

«እሺ፣ ሁለቱም ክፍት ሲሆኑ ባቡሩ በየትኛው ነው ያለፈው?»

«አይታወቅም።»

«አይታወቅም ነው ወይስ አላየህም?»

ጋሼ ፊዚክስ አልተማረም። ግን አሥር ዓመት ሙሉ ጫማዬ ውስጥ የነበረውን ጠጠር በአንድ ጥያቄ አወጣው። የእኔ ቋንቋ የሚያውቀው «አላየሁም»ን ብቻ ነው። ሳንቲሙ ተወርውሯል፣ አንዱ ጎን ላይ ወድቋል፤ ያላየሁት እኔ ነኝ። ደቻቱም እንደዚያው፤ ደጋው ላይ ዘንቧል ወይም አልዘነበም፤ ወደ ጨለማው ያፈጠጥኩት እኔ ነኝ። አለማወቄን ነው በቁጥር የጻፍኩት። በአለማወቅ ሒሳብ ደግሞ በግራ የመምጣት ዕድል ላይ በቀኝ የመምጣት ዕድል ቢደመር ይጨምራል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ዕድል ኔጋቲቭ የለውም።

ኳንተም የሚደምረው ግን ዕድልን አይደለም። አምፕሊቲዩድ የሚባል ነገር አለ፤ በቀስት አስበው። ለእያንዳንዱ መንገድ አንዲት ቀስት ታወጣለህ። ግማሽ መስታወት ላይ ብርሃኑ በተንጸባረቀ ቁጥር ቀስቷ ሩብ ዙር ትዞራለች፤ ካለፈ አትዞርም። በዚህ ሙከራ የእያንዳንዱ ሙሉ መንገድ ቀስት ርዝመቷ ግማሽ ነው። ወደ ሁለተኛው ጠቋሚ የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቴ ማለፍ ወይም ሁለቴ መንጸባረቅ። ሁለቴ ያለፈችው ወደ ላይ ትቆማለች። ሁለቴ የተንጸባረቀችው ሁለት ሩብ ዙር ዞራ ወደ ታች ታያለች። ቀስቶቹ ይጠፋፋሉ። ወደ አንደኛው በሚወስዱት ላይ ግን እያንዳንዷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተንጸባረቀችው። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፣ ተደምረው ሙሉ አንድ ይሆናሉ። መጨረሻ ላይ ርዝመቱን በራሱ ታበዛለህ፤ እሱ ነው ዕድሉ።

ይህን በራስ የማብዛት ሕግ በ1926 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማክስ ቦርን ነው። ፕሮግራመርን ደስ የሚያሰኝ ታሪክ አለው። ቦርን መጀመሪያ ዕድሉ አምፕሊቲዩዱ ራሱ ነው ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ሊታተም ሲል በግርጌ ማስታወሻ አረመው፤ በትክክል ሲታሰብ በራሱ የተባዛው ነው ብሎ። ለዚህ ሥራው በ1954 ኖቤል ተሸለመ። እኔም የመጀመሪያው ሌሊት በራሱ ማብዛቱን ረስቼ ነበር፤ እንግዲህ ከማን ጋር ተሳሳትኩ!

ቀስቱን ወደ ዌብ ፒፒኤል ለማስገባት መሞከሬ አልቀረም። ቋንቋው ለአንድ ታሪክ ክብደት እንድትሰጥ ይፈቅዳል። ክብደቱን የሚቀበለው ግን በሎጋሪዝም ነው። የኔጋቲቭ ግማሽን ሎጋሪዝም ስጠይቀው ከሥሩ ያለው የጃቫስክሪፕት ቋንቋ «ቁጥር አይደለም» አለኝ። ልክ ነው። የአለማወቅ ቋንቋ ኔጋቲቭ አለማወቅ አያውቅም።

ስለዚህ የራሴን ጻፍኩ። ሠላሳ መስመር የማትሞላ ኮድ ነች። እያንዳንዱን መንገድ አንድ በአንድ ትሄዳለች፣ ቀስት ይዛ። መጨረሻቸው አንድ ዓይነት የሆነውን መንገዶች አንድ ላይ ትሰበስባለች፣ ቀስቶቹን ትደምራለች፣ በራሱ ታበዛለች። ፕሮግራሙን ስጽፍ አሁንም «ወርውር» ነው የምለው፤ የሚለየው ሥር ያለው ደማሪ ነው።

አስኬድኩት። 50 በ50።

ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ቀስቶቹን በወረቀት አሰላሁ። ልክ ናቸው። መብራት ሄደ፣ በባትሪ ቀጠልኩ። ባትሪው አለቀ፣ ተኛሁ። በማግስቱ ማታ ደግሞ ጀመርኩ። ደማሪውን እንደገና ጻፍኩ። ያው። በመጨረሻ «እስቲ ጥሬውን ውጤት ሳልሰበስብ ልየው» ብዬ ሳወጣው አራት መስመር ወጣ። አንደኛው ጠቋሚ በግራ፣ 0.25። አንደኛው በቀኝ፣ 0.25። ሁለተኛው በግራ፣ 0.25። ሁለተኛው በቀኝ፣ 0.25።

በግራ? በቀኝ? ለምንድን ነው መንገዱ ውጤቱ ላይ ያለው?

እኔው ነኝ ያስቀመጥኩት። ስህተት ስፈልግ እንዲረዳኝ ብዬ ፎቶኗ በየት እንዳለፈች የምትይዝ አንዲት ቫሪያብል ጨምሬ፣ ከውጤቱ ጋር አብራ እንድትመለስ አድርጌ ነበር። የነጋዴ መዝገብ የሚሠራ ሰው ልማድ ነው፤ ሁሉ ነገር ይመዝገብ። መዝገቡ ስላለ ደግሞ «አንደኛው በግራ» እና «አንደኛው በቀኝ» ለደማሪው ሁለት የተለያዩ መጨረሻዎች ሆኑ። የተለያዩ መጨረሻዎች ቀስታቸው አይደመርም። ስለማይደመር አይጠፋፋም። ያቺን ቫሪያብል ከውጤቱ ሰረዝኳት። አንደኛው 1፣ ሁለተኛው 0።

በረንዳው ላይ ብቻዬን «እህ!» አልኩ። የጎረቤት ውሻ መለሰልኝ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውም ሙከራ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ፎቶኗ በየት እንዳለፈች የሚናገር ምልክት የትም ቦታ ከቀረ፣ ማንም ሰው ባያነበውም፣ መጠፋፋቱ ይቀራል፤ 50 በ50 ይሆናል። ሰው ማየቱ አይደለም ቁም ነገሩ። ብዙ ጊዜ «ንቃተ ህሊና ዓለምን ይፈጥራል» የሚሉ ቪዲዮዎች ይላኩልኛል። የእኔ ቫሪያብል ንቃተ ህሊና የላትም። መዝገብ ነች። መዝገብ ሲኖር ታሪኮቹ ይለያያሉ፣ ያ በቂ ነው።

ከዚህ በኋላ ልቤ አብጦ ወደ ቤል ሄድኩ።

የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል በ1964 እ.ኤ.አ. የተራራቁ ቅንጣቶች ውጤት አስቀድሞ በተደረገ ስምምነት ብቻ ሊብራራ ይችላል ወይ ብሎ ያነሳውን ጥያቄ፣ በ1969 ሌሎች አራት ሰዎች ለሙከራ በሚመች መልክ አስቀመጡት። እኔ ያሳየሁት በእህቴ ልጆች ነው። ወንዱ እኔ ጋ ድሬ ለእረፍት መጥቷል፣ ሴቷ ሐረር ጀጎል ከእናቷ ጋር ናት። ለእያንዳንዳቸው «ቡና» ወይም «ሻይ» እላለሁ፣ በሳንቲም። እነሱ ሳይነጋገሩ «አዎ» ወይም «አይ» ይመልሳሉ። መልሳቸው ከተመሳሰለ ያሸንፋሉ። ሁለቱም «ሻይ» ከደረሳቸው ብቻ መለያየት አለባቸው። አስቀድመው የፈለጉትን መመካከር ይችላሉ።

ሴቷ አምስት ዙር አልፈጀባትም። «አጎቴ፣ ሁልጊዜ አዎ ብንልስ?» አለችኝ በስልክ። ከአራት ሦስት ያሸንፋሉ ማለት ነው። «ከዚህ የሚበልጥ አለ?» ስትለኝ የለም አልኳት። ቁርጥ ያሉት ስምምነቶች 16 ብቻ ናቸው። ስምንቱ ከአራት ሦስት ያሸንፋሉ፣ ስምንቱ ከአራት አንድ። ሳንቲም እየወረወሩ ቢቀያይሯቸውም ከ75 በመቶ አያልፉም።

ሁለት የተጠላለፉ ቅንጣቶች፣ ማለትም ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ ብቻ የሚገለጹ ቅንጣቶች፣ የያዙ ልጆች ግን 85 በመቶ ገደማ ያሸንፋሉ። እኔ ሳላምን ስለምከራከር፣ ዌብ ፒፒኤልን ወደ ኋላ እንዲያስብ ጠየቅኩት። ከስምንቱ ብልህ ስምምነቶች እየቀያየርክ ተጫወት፣ 85 በመቶና ከዚያ በላይ ያሸነፉበትን ታሪክ ብቻ አስቀር፣ ሌላውን ጣል። መጀመሪያ በ20 ዙር ሞከርኩት፤ ቢያንስ 17 ማሸነፍ ማለት ነው። ከአምስት ታሪክ አንድ ገደማ አለፈ! ቤልን ረታሁ ብዬ ተነስቼ ቆምኩ። ከዚያ ዙሩን 1,000 አደረግኩት። የላፕቶፑ ማራገቢያ ማፏጨት ጀመረ። ተኛሁ። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ሳየው አሁንም ያፏጫል፤ ያለፈ ታሪክ ብዛት 0። በ20 ዙር ያየሁት ዕድል ብቻ ነበር።

በሠላሳ መስመሯ ኮዴ ደግሞ ወዲያው 0.8536 ወጣ። ግን ልብ በሉ። ያን ቁጥር የሚያወጣው ፋንክሽን የድሬውንም የሐረሩንም ጥያቄ አንድ ላይ ያያል። ለሁለት ከፍዬ አንዱን ለልጁ፣ አንዱን ለልጅቷ ልሰጥ ብል አይቆረጥም። ሆኖም የሚላክ መልእክት የለም፤ የእያንዳንዳቸው መልስ ለብቻው ሲታይ 50 በ50 ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በ1981 እ.ኤ.አ. ያደረገው ንግግር ይህንኑ ነበር የነካው። በተራ የዕድል ኮምፒዩተር ተፈጥሮን ልምሰል ብትል አንዳንድ ዕድሎችህ ኔጋቲቭ ካልሆኑ አይሆንልህም አለ። የኳንተም ኮምፒዩተር ሐሳብ ከዚያ ዘመን ነው የሚጀምረው። የእኔ ላፕቶፕ 8 ጊጋባይት ማስታወሻ አላት። ሁለት አማራጭ ያላቸው 30 ቅንጣቶች ከቢሊዮን በላይ ቀስት ይፈልጋሉ፣ 16 ጊጋባይት። በ28 ታነክሳለች፣ በ30 ትወድቃለች።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ደልፍት ከተማ 1.3 ኪሎ ሜትር ተራርቀው በተቀመጡ ሁለት መሣሪያዎች ተሞክሯል። 245 ዙር ተጫወቱ፣ 196ቱን አሸነፉ፤ 80 በመቶ። ተራ ስምምነት በዕድል ብቻ ይህን ያህል የሚደርሰው ከመቶ አራት ጊዜ ገደማ ነው። ከ20 ዙሩ በኋላ እኔ እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሳይ ቶሎ አልጨፍርም። ግን በዚያው ዓመት ሌሎች ቡድኖችም በፎቶን እጅግ ብዙ ዙር ተጫውተው ያንኑ አገኙ። የ2022 የፊዚክስ ኖቤል ለአስፔ፣ ለክላውዘርና ለሳይሊንገር የተሰጠው በዚህ መንገድ ላይ ለሠሩት ሥራ ነው።

ከሳምንት በኋላ ጋሼ ያው ቦታ፣ ያው ዛፍ ሥር ሻይ ይዞ ጠበቀኝ።

«ያ ባቡርህ በየት እንዳለፈ ተገኘ?»

«አልተገኘም ጋሼ። ግን እንዳልዋሸሁህ አረጋገጥኩ። አላየሁም አይደለም። መዝገብ ከሌለ በግራ ወይም በቀኝ አለፈ የሚባል ነገር ራሱ የለም።»

«መዝገብ ያዛ!» አለኝ። «እኛ ጣቢያ ላይ ያልተመዘገበ ባቡር አልነበረም።»

«መዝገብ ስይዝ ሁለተኛው ጣቢያ ባቡር መድረስ ይጀምራል።»

ብርጭቆውን ቁጭ አደረገና ዝም አለ። ወደ ጣቢያው አቅጣጫ ትንሽ አየ። «አንድ ጊዜ» አለ፣ «መዝገቡ ላይ ያለ ባቡር ሳይመጣ ቀርቶ ሁለት ቀን ጠብቀነዋል።» ከዚያ ልጁን ጠርቶ ለእኔም ሻይ አዘዘልኝ።